ትዳሩ እውነት ነው፤ ፋይሉስ?

አንዳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል፣ ሌላኛቸው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆነው ትዳራቸውን በስልክ የሚያቆዩ ባልና ሚስት የማያውቅ ሰው ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። «ፕሮሰሱ የት ደረሰ?» ሲባሉ መልሳቸው «እየጠበቅን ነው» ነው። ጠያቂውም «እግዚአብሔር ያሳካላችሁ» ብሎ ያልፋል። ምን እንደሚጠበቅ፣ ማን ዘንድ እንደሚጠበቅ፣ ለምን እንደሚጠበቅ ግን አብዛኞቻችን አናውቅም። ቪዛውንም ዕድል፣ ወይም የኦፊሰሩ የዕለት ስሜት የሚወስነው አድርገን እናወራዋለን።

እኔ ልነግራችሁ የምጓጓው ተቃራኒውን ነው። የአሜሪካ የትዳር ጓደኛ ቪዛ፣ ቅጹና ክፍያው ሲገለጥ፣ ከሥሩ ያሉት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ጋብቻው ሕጋዊና እውነተኛ ነው ወይ? መጪውን ሰው ማን ይደግፈዋል? አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው ነገር አለ ወይ? የምትጠየቁት ወረቀት ሁሉ ከእነዚህ የአንዱ መልስ ነው። ይህን የያዘ ሰው አንድ ሰነድ ሲጠየቅ «ለምን ፈለጉት?» ብሎ አይጨነቅም፤ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ያውቃል፤ እንዴት አድርጎ ማቅረብ እንዳለበትም ይገባዋል።

ማን ለማን ያመለክታል?

መነሻው አሜሪካ ያለው ሰው ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያለው የሚለው ነው። ዜጋ የሆነ ሰው ለሚስቱ ወይም ለባሉ ሲያመለክት ሕጉ «የቅርብ ቤተሰብ» ከሚለው ክፍል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለዚህ ክፍል ዓመታዊ ኮታ አላበጀለትም። ስለዚህ የሚጠበቀው ሥራው እስኪሠራ ነው እንጂ የቪዛ ቁጥር ተራ እስኪደርስ አይደለም።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን ለትዳር ጓደኛው ሲያመለክት «ኤፍ 2 ኤ» ወደሚባለው ክፍል ይገባል። ይህ ኮታ አለው። ተራው የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣው ቪዛ ቡለቲን የትኛው ቀን ላይ እንደተደረሰ ይናገራል። ባልየው በመሃል ዜግነት ካገኘና ካሳወቀ ሚስቱ ከወረፋው ትወጣለች።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ የማያስተውለው ነገር አለ። በኤፍ 2 ኤ ጊዜ ከእናታቸው ፋይል ጋር ተያይዘው መምጣት ይችሉ የነበሩ ልጆች፣ አባትየው ዜጋ ሲሆን ይህን መብት ያጣሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማመልከቻ መግባት አለበት። የእንጀራ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ የዜግነት ደስታው ሳይበርድ የልጆቹን ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል።

ጥገኝነት ያገኘ ወይም በስደተኝነት የገባ ሰው ደግሞ ሌላ በር አለው። ጋብቻው ጥገኝነቱ ከመፈቀዱ ወይም አሜሪካ ከመግባቱ በፊት የተፈጸመ ከሆነ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አይ 730 በሚባለው ቅጽ ማመልከት ይችላል። ቅጹ ክፍያ የለውም፤ የገቢ ዋስትናም አይጠይቅም። ይህን ሳያውቁ ሁለቱን ዓመት የሚያሳልፉ ሰዎች ስላሉ፣ እባካችሁ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ።

ጋብቻው ሕጋዊ ነው? እውነተኛስ?

ሥራው የሚጀምረው አይ 130 በሚባለው ቅጽ ነው። የሚያስገባው አሜሪካ ያለው ሰው ሲሆን፣ የሚመረምረው ዩኤስሲአይኤስ የሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው በኢንተርኔት ሲገባ 625፣ በወረቀት ሲገባ 675 ዶላር ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ሕጋዊነት ነው። የአሜሪካ ሕግ በጥቅሉ ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕጋዊ ከሆነ ይቀበለዋል። የኛ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙትን። ስለዚህ በተክሊልም፣ በኒካህም፣ በአገር ሽማግሌ ፊትም የተጋባ ሰው ባለ ሕጋዊ ትዳር ነው። ለቪዛው ግን ጋብቻው በመንግሥት መዝገብ ሰፍሮ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሊወጣለት ይገባል። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ካለ የፍቺው የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ካለ የሞት ምስክር ወረቀት ይያያዛል። ይህ ግዴታ የሁለቱም ነው፤ «የኔ የድሮ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በውክልና መጋባትን በሚመለከት በደንብ አስተውሉ። ሁለቱ ተጋቢዎች በሥርዓቱ ላይ በአካል አብረው ካልነበሩ፣ ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ካልሆኑ በቀር፣ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ጋብቻውን አይቆጥረውም። በቪዲዮ የተፈጸመውም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመኝ ክፍል ነው፤ ትዳሩ እውነት ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ1986 ኮንግረስ ለወረቀት ብቻ የሚደረግን ጋብቻ ለመከላከል ሕግ አወጣ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ይደርሳል። አንድ ጊዜ በሐሰተኛ ጋብቻ ለመግባት እንደሞከረ የተወሰነበት ሰው፣ ወደፊት እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳ በዚያ ትዳር የሚገባለት ማመልከቻ አይጸድቅም። የኦፊሰሮቹ ጥያቄ ለምን እንደሚጠነክር ከዚህ ይገባችኋል።

ታዲያ የኛ ሰው ማስረጃ ሲባል የሚያስበው የሠርግ አልበም ነው። ቬሎ፣ ኬክ፣ ሊሞዚን፣ ሦስት መቶ እድምተኛ። አልበሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው የአንድ ቀን ነገር ነው። ኦፊሰሩ የሚፈልገው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ኑሮ ነው። ሽማግሌ የተላከበት ቀን ፎቶ፣ መልስና ቅልቅሉ፣ ባልየው አገር ቤት የተመላለሰባቸው የፓስፖርት ማኅተሞችና የአየር ቲኬቶች፣ በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የተደዋወላችሁበት ዝርዝር፣ በኢንሹራንስ ወይም በጡረታ ሰነድ ላይ እንደ ወራሽ የተጻፈ ስም፣ በጋራ የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት። ከእነዚህ ጥቂቱ በወራት ተበታትኖ ሲቀርብ፣ በአንድ ሳምንት ከተነሱ መቶ ፎቶዎች ይበልጥ ይናገራል።

አስቸጋሪው የኛ ባህል ነው። ገንዘብ በሰው እጅ እንልካለን፤ ደረሰኝ የለም። ፍቅራችንን በአደባባይ አናሳይም፤ ፎቶ ላይ ባልና ሚስት እንደ ወንድምና እህት ተራርቀን እንቆማለን። በቤተሰብ አማካይነት ተዋውቀን በአጭር ጊዜ እንጋባለን። ይህ ሁሉ ትዳሩን ሐሰት አያደርገውም፤ አገር ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። የማያውቀው ሰው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ ማን እንዳስተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እነማን እንደነበሩ በአንድ ገጽ በግልጽ ጽፋችሁ ከማስረጃው ጋር አያይዙ። በቤተሰብ መተዋወቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መደበቁ ነው የሚጎዳው።

ስምና ዘመን

ከውሸት ይልቅ እውነተኛ ጥንዶችን የሚያጓትተው የስምና የቀን አለመመሳሰል ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። የአሜሪካው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፓስፖርቱ እንዳስቀመጠው በሁሉም ቅጽ ላይ ያንኑ መድገም። የስም አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በ«ቲ» ሊጀምር ይችላል፤ በ«ኤስ»ም ሊጀምር ይችላል። ልደት ላይ አንዱ፣ ጋብቻ ላይ ሌላው ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያያል። ከተቻለ ሰነዱን ባወጣው ጽሕፈት ቤት ማሳረም፣ ካልተቻለ ልዩነቱን በጽሑፍ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ዘመኑ ደግሞ የባሰ ነው። የኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጅ ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ተወለደች ማለት ነው። ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደችው ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው። በደፈናው 8 ዓመት የሚደምር ተርጓሚ የመጀመሪያዋን በአንድ ዓመት ያሳስታታል። ያ ስሕተት ልደቷ ላይ ተጽፎ፣ ፓስፖርቷ ላይ ሌላ ከሆነ፣ ማንም ሳይዋሽ ፋይሉ የዋሸ ይመስላል።

በብዙ ቦታ ልደት በጊዜው አይመዘገብም ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ የብዙዎቻችን የልደት ምስክር ወረቀት ካደግን በኋላ የወጣ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ ካለ አትጣሉ፤ ሊደግፍ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ከዚህ በፊት በዲቪ፣ በጥገኝነት ወይም በጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ላይ የሞላችሁት ሁሉ ተቀምጧል። ያኔ «ያላገባሁ» ብሎ ዛሬ ከዚያ በፊት የነበረ ጋብቻ የሚያቀርብ ሰው ጥያቄ ይነሳበታል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መጀመሪያ ፈቃድ ያለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ነው። በሌላ ውሸት መጠገን ነገሩን ያከፋዋል።

ማን ይደግፋል?

አይ 130 ሲጸድቅ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ፖርትስመዝ ከተማ ወዳለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። በአጭሩ ኤንቪሲ ይሉታል። እዚህ 325 ዶላር ለቪዛ ማመልከቻ፣ 120 ዶላር ለዋስትና ሰነድ ምርመራ ይከፈላል። አገር ቤት ያለው ሰው ዲኤስ 260 የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። ሰነዶች ስካን ተደርገው ይገባሉ፤ አማርኛ የሆኑት በእንግሊዝኛ ተተርጉመው፣ የተርጓሚው ማረጋገጫ ተያይዞ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው አይ 864 በሚባለው የዋስትና ቅጽ ነው። አሜሪካ ያለው ሰው ገቢው ከድህነት መለኪያው ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። በ2025 መለኪያ፣ በ48ቱ ተያያዥ ስቴቶች፣ ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይህ 26,437 ዶላር ነበር። ልጆችና ሌሎች ጥገኞች ካሉ ቁጥሩ ያድጋል።

ኡበር ወይም ታክሲ ለሚነዱ ወገኖቻችን ይህ ወሳኝ ነው። የሚታየው በዓመቱ በእጃችሁ የገባው ገንዘብ አይደለም፤ የነዳጁ፣ የጥገናው፣ የመኪናው ወጪ ተቀንሶ በታክስ ሰነዱ ላይ የቀረው ነው። ታክስ ለመቀነስ ወጪን ሁሉ የጻፈ ሰው፣ ብዙ እየሠራ በወረቀት ከመለኪያው በታች ሊወርድ ይችላል። አግብቶ ሳለ ታክሱን «ነጠላ» ብሎ የሞላም ሌላ ችግር ፈጥሯል፤ አንዱ ሰነድ ባለትዳር፣ ሌላው ላጤ ይለዋል። የታክስ ሠራተኛችሁን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት አነጋግሩ።

ገቢው ካልደረሰ ተስፋ አይቆረጥም። አሜሪካ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሌላ ሰው ተባባሪ ስፖንሰር ሆኖ መፈረም ይችላል። ዘመድም ባይሆን ይፈቀዳል። ነገር ግን የሚፈርመው ሰው ምን እንደሚፈርም ይወቅ። ግዴታው መጪው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ፣ ወይም በግምት 10 ዓመት የሚሆን የ40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርለት፣ ወይም አሜሪካን ለቆ እስኪወጣ ወይም እስኪሞት ይቆያል። ፍቺ አያቋርጠውም። ወንድም፣ አክስት፣ የዕድር አባል «ፈርምልን» ተብሎ ሲጠየቅ ይህን በግልጽ መንገር የአክብሮት ጉዳይ ነው።

የሚከለክል ነገር አለ?

ሦስተኛው ጥያቄ የጤናና የወንጀል ነገር ነው። ከፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ይወጣል። ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት የሠሩ እህቶቻችን እዚህ ላይ ያስተውሉ፤ ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖሩበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። አሰጣጡ ከአገር አገር ስለሚለያይ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ስለዚያ አገር ያወጣውን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀጠሮ ከመድረሱ ቀድሞ መጀመር ብዙ ወራት ያድናል።

የሕክምና ምርመራው የሚደረገው ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ዘንድ ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ክትባት ዋናዎቹ ናቸው። የክትባት ካርድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው ኤምባሲ ኢንተርቪው ይመጣል። አሜሪካ ያለው ባል ወይም ሚስት መገኘት ግዴታ የለበትም። ዋናዎቹን ሰነዶች ይዞ መሄድ ግን ግዴታ ነው። በአማርኛ መመለስ ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ፈተና አይደለም። ጥያቄዎቹ የኑሮ ጥያቄዎች ናቸው፦ እንዴት ተዋወቃችሁ? ምን ይሠራል? ከማን ጋር ይኖራል? ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር? ልጆቹ ስማቸው ማን ነው? መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው?

ለዚህ ነው ሁለታችሁም ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ማወቅ ያለባችሁ። ባል ቅጹን በጠበቃ አስሞልቶ ሚስት ሳታየው ኢንተርቪው ከገባች፣ ስለ ባሏ የቀድሞ ትዳር ከኦፊሰሩ አፍ ልትሰማ ትችላለች። ያስጠኗችሁን መልስ አትሸምድዱ፤ ያለውን ንገሩ። የማታውቁትን «አላውቅም» ማለት ከመገመት ይሻላል።

ተጨማሪ ሰነድ አምጡ የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ 221 ጂ በሚባለው አንቀጽ ነው። የመጨረሻ እምቢታ አይደለም። የተጠየቀውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ዓመቱ ካለፈ አዲስ ማመልከቻና አዲስ ክፍያ ይጠብቃችኋል።

ቪዛው ከተመታ በኋላ

የዜጋ የትዳር ጓደኛ አሜሪካ በሚገባበት ቀን ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው ቪዛው ሲአር 1 ሲሆን፣ የሚሰጠው ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ነው። 2 ዓመት ካለፈው አይአር 1 ሆኖ የ10 ዓመት ካርድ ይሰጣል። የ2 ዓመት ካርድ ያላችሁ፣ ከማብቂያው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ 751 የሚባለውን ቅጽ በጋራ ማስገባት አለባችሁ። ያኔ የሚቀርበው የጋራ ኪራይ ውል፣ የባንክ ሂሳብ፣ የታክስ ሰነድ ነው። ለመጀመሪያው ግሪን ካርድ ህትመት የሚከፈለው 235 ዶላር ነው። ይህን ከቀደሙት ጋር ስትደምሩት፣ በኢንተርኔት ለሚያመለክት የመንግሥት ክፍያው ብቻ 1,305 ዶላር ይሆናል፤ ሕክምና፣ ትርጉም፣ ትራንስፖርትና የአይ 751 ክፍያ ሳይጨመር። ገንዘቡን ቀድሞ ማዘጋጀት አላስፈላጊ ጭንቀት ያስቀራል።

መመሪያዎች ይለዋወጣሉ። በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የስደተኛ ቪዛ መስጠት ለጊዜው እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ ማንኛውንም ክፍያ ከመክፈላችሁ፣ ሥራ ከመልቀቃችሁ፣ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት የኤምባሲውንና የመሥሪያ ቤቱን ይፋዊ ገጽ እዩ። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ደላላ አይረዳችሁም። አሜሪካ ውስጥም የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና የሰጠው ወኪል ነው። ቅጽ የሚሞላ ሰው ሁሉ ጠበቃ አይደለም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እውነተኛ ትዳር ላላቸው ሰዎች ይህ መንገድ ረጅም ቢሆንም ስውር አይደለም። ከዜጋ ጋር አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛ ግሪን ካርድ ካገኘ ከ3 ዓመት በኋላ ራሱ ዜግነት መጠየቅ ይችላል፤ ያን ጊዜም ይኸው ፋይል ይከፈታል። ስለዚህ ገና ማመልከት ያልጀመራችሁም ብትሆኑ ዛሬ ማታ ስትደዋወሉ ሁለት ነገር አድርጉ። የሁለታችሁን ፓስፖርት፣ ልደትና ጋብቻ ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙንና ቀኑን ፊደል በፊደል አንብቡ። ቀጥሎም ደረሰኝ፣ ቲኬትና ፎቶ የምታስቀምጡበት አንድ የጋራ ማኅደር ክፈቱ፤ በየወሩ የሚገባበትን ጨምሩ። ቀጠሮው ሲደርስ የምታቀርቡት ማስረጃ ተሯሩጣችሁ የሰበሰባችሁት ሳይሆን፣ የኖራችሁት ይሆናል።